ሦስት ቀዳዳ ያላት የአያ ኪዳነ ጣውላ

ሬዲዮ ጠጋኙ አያ ኪዳነ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ሞተዋል። «አረፉ» እንድል አትጠብቁኝ። ያረፈ ሰው በገዛ ድካሙ የተኛ ነው፤ እሳቸውን ያደከምናቸው ግን እኛ ነን። እናንተም፣ ከሁላችሁም በላይ እኔም።

በቀብራቸው ላይ የነበረውን ሕዝብ አይቻለሁ። እኔ እስላም ስለሆንኩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። «ደግ ሰው ነበሩ፣ ትዕግሥተኛ ነበሩ» ሲባል ሰማሁ። ይህን ካሉት ግማሾቹ ላለፉት ሦስት ዓመታት የሱቃቸው በር ላይ ሲደርሱ ወደ ማዶ የሚሻገሩ ነበሩ። ትዕግሥት ያስፈለጋቸው ከእነዚሁ ሰዎች የተነሣ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ስሜ ሰይድ ነው። ከወሎ መጥቼ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ መነጽርና የባትሪ ድንጋይ እያዞርኩ እሸጥ ነበር። አያ ኪዳነ ጎልማሳ ሆኜ ሳለሁ ሱቃቸው አስገብተው ሙያ አስተማሩኝ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ስለ ስፒና ነበር፤ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ጫፍ ላይ ስላለችው፣ ሬዲዮው ቀዳዳ ውስጥ ስለምትገባው ብረት። ወፍራሟ፣ ስድስት ሚሊሜትር ከምናምን፣ ለቤት ግራሞፎንና ለትልልቅ ሬዲዮ ናት። መካከለኛዋ ሦስት ተኩል ናት፤ በእጅ ለሚንጠለጠለው ትራንዚስተር። ቀጭኗ ደግሞ ሁለት ተኩል ናት፤ ኪስ ውስጥ ለሚገባው። አያ ኪዳነ በአንዲት የወይራ ጣውላ ላይ የሦስቱን ልክ በስተው ነበር፤ በዚያች ያልተለካች ስፒና ከሱቃቸው አትወጣም። ሬዲዮው ራሱ ካልመጣም አይበይዱም። «ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ቤት ትቶ አይመጣም» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ጥራቮሎ ሰፈር የሚኖሩ ዓይነ ስውር እናት በጎረቤት መልእክት ላኩባቸው። ልጃቸው ታማ ስለተኛች ድምፁ እንዳይረብሻት ማዳመጫ ፈለጉ፤ ሬዲዮው ግን ትልቅ ስለሆነ ተሸክመው የሚያመጡት አይደለም። አያ ኪዳነ ጣውላዋን በብስክሌታቸው ይዘው ሄደው ለኩ፣ ተመልሰው በየዱ፣ እንደገና ሄደው ሰኩላቸው። ሴትዮዋ «የቐንየለይ፣ ወደይ» ብለው ሲያመሰግኗቸው፣ «መጀመሪያ ይስሙ፣ ከዚያ ያመስግኑኝ» አሉ። ሰምተው ፈገግ እስኪሉ ድረስ ከበሩ አልተነሡም።

ወደ ነገሩ ልግባ። ጆሯቸው የደከመ አንድ መምህር ለትራንዚስተራቸው ማዳመጫ ሊያሠሩ መጡ። ሬዲዮዋን አላመጧትም። ለምን ማዳመጫ እንደፈለጉ አልጠየቅኳቸውም፤ በእኛ ከተማ ይህን ማንም አይጠይቅም። ከውጭ የሚመጣውን የተከለከለ ጣቢያ የሚሰማ ሁሉ ለብቻው ነው የሚሰማው። አያ ኪዳነ ሱቅ ውስጥ አልነበሩም። መምህሩ ቸኮሉ፣ እኔም ቸኮልኩ። በዓይኔ ገምቼ ቀጭኗን በየድኩላቸው። ጣውላዋ ክንዴ ሥር ነበረች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልኳ የሆነችው ስፒና ስትገባ የሬዲዮውን ድምፅ ማጉያ ትዘጋዋለች፤ ቀጭኗ ግን ቀዳዳው ውስጥ ልል ሆና ትቀመጣለች እንጂ አትዘጋውም። መምህሩ በማዳመጫው ትንሽ ትንሽ ሰሙ። ሬዲዮው ወደ ውጭም እንደሚናገር ያ የደከመ ጆሯቸው አልነገራቸውም። ጎረቤት ግን ሁሉንም ሰማ። መምህሩ በሳምንቱ ታሰሩ፤ ከዓመት በላይም እስር ቤት ተቀመጡ።

ከዚያ ወሬው ተነሣ፤ «ኪዳነ ጆሮ ጠቢ ነው፣ ሆን ብሎ ነው ያበላሸው» ተባለ። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምር ይባል የለም? ማንም አልጨመረም። ሃያ ዓመት ሬዲዮውን ያስጠገነው ሁሉ በአንድ ወር ጠፋ።

«ወጥቼ ልናገር። የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አይፋልን፣ ሰይድ ሓወይ» ብለው ከለከሉኝ። «እኔ የአገራቸው ሰው ነኝ፣ ያሙኛል። አንተ ከወሎ የመጣህ አማርኛ ተናጋሪ ነህ። ተሳሳተ የሚልህ የለም። የመንግሥት ሰላይ ነው ብለው ይገድሉሃል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አርጅቻለሁ። ሓደራ፣ ዳግመኛ እንዳታነሣው።»

ዝም አልኩ። ስለ ከለከሉኝ እስካሁን እናደድባቸዋለሁ። በራሴ ግን ይበልጥ እናደዳለሁ፤ ሲከለክሉኝ ደስ ብሎኝ ነበርና። እሳቸው ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ጣውላዋን በጨርቅ ሲወለውሉ እያየሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሻሂዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ከቀብሩ ማግሥት ባለቤታቸው ጣውላዋን በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። «በቁማቸው ለሰይድ ብለዋል» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሚስታቸውም አልነገሩም ነበር።

አያ ኪዳነ፣ ሓደራዎን በላሁ። ተነሥተው ቢቆጡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ትናንት ጣውላዋን ይዤ መምህሩ ቤት ሄድኩ፤ በመካከለኛዋና በቀጭኗ ቀዳዳ መካከል ያለውን ልዩነት በጣታቸው አስነካኋቸው፤ የማን ጥፋት እንደሆነም ነገርኳቸው። «ኪዳነን ሰላምታ ነፍጌው ነበር» ብለው አለቀሱ። ለዚያ ለቅሶ ይቅርታ አላደርግም፤ ለራሴም አላደርግም። ይህን ወረቀት ነገ ጠዋት ከነስሜ በሱቅዎ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ከዚያ ገብቼ ወንበርዎ ላይ እቀመጣለሁ። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ። ሦስት ዓመት በእኔ ፈንታ ታምተዋል፤ ከነገ ጀምሮ ተራው የእኔ ነው።