የአባቴ ናሙና

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ናሙና አዘጋጅ ነበር። መንደራችን ባንኮ ጎቲቲ ውስጥ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ገዢ ሲመጣ ወይም ቡናው ለቅምሻ ሲላክ፣ ከማድረቂያው አልጋ ላይ ጥቂት እፍኝ አንሥቶ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የነካውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማል። የተረፈውን መዳፉ ላይ እያገላበጠ ያያል፤ ደስ ካላለው እንደገና ይለቅማል። «ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ተለቅሞ ነው የሚቀርበው» ይለናል። የሱ ናሙና ከቡናው ይልቅ ያምራል ተብሎ ይታማ ነበር፤ ሐሜቱን ሲሰማ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

ሳሉ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በለቀማ ወቅት ነው። መጀመሪያ የገለባ አቧራ ነው አለ፤ ቀጥሎ ብርድ ነው አለ። እኔ ዲላ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ቲቢ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ባክቴሪያ መድኃኒትን እንዴት እንደሚላመድ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምራለሁ። አክታ ተቀብሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ መልስ ስለሚሰጠው ማሽን፣ የደረት ራጅ አይቶ ስለሚጠረጥረው ኮምፒውተር ስልኬ ላይ አነብና ለተማሪዎቼ እተርካለሁ። ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ የአባቴ ሸሚዝ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። በማግስቱ ዲላ ይዤው መጣሁ።

ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ያገኘናት ባለሙያ ልጅ ሥራ የበዛባት ነበረች፤ ቢሆንም ክዳን ያላትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ስትሰጠው በደንብ ነገረችው። «አባባ፣ ምራቅ አይደለም የምንፈልገው። ጠዋት እንደተነሡ ከደረትዎ ውስጥ በኃይል ስለው የሚያወጡትን አክታ ነው።» የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ቡና ለመሸጥ ይበቃል፣ ሕመም ለመናገር አይበቃም። ስለዚህ ያለችውን ሁሉ በጌዴኦኛ ደገምኩለት። «ገባኝ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ሆኖ አፉን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ጥርሱን ፋቀ። ከዚያ ሳለ፤ የወጣውን ወፍራምና ቢጫ ነገር መሬት ላይ ተፍቶ በእግሩ አፈር አለበሰው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው እንደ ውኃ የጠራ ነበር፤ ዕቃው ውስጥ የገባው እሱ ነው። ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው፣ ከደነው፣ ውጭውን በመሐረብ ጠረገው።

እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። አይቻለሁ፤ ገብቶኛልም። ግን የትኛዋ ልጅ ናት አባቷን «በእግርህ አፈር ያለበስከው ነው የሚፈለገው» የምትለው? እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲተፋ ፊት ይዞራል። ፊቴን አዞርኩና ለቁርስ ጠራሁት። ማሽኑ ረቂቅ ነው፣ በዚህም ውስጥ ቢሆን ጀርሙን አያጣውም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ተማሪዬ በፈተና ላይ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

የዚያኑ ቀን ቲቢ አልተገኘም ተባለ። ልጅቷ ለሳሉ ሌላ መድኃኒት እንዲጻፍለት አደረገችና «በሁለት ሳምንት ካልተሻላቸው ሌላ አክታ ይዘው ይመለሱ» አለችን። ይህንንም ተረጎምኩለት፤ እሱ ግን የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ያገኘውን የአገር ሰው ሁሉ «እንደ ቡናዬ ደረጃ አንድ ወጣሁ» እያለ አሳቀው። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ መሰከረ። አዲስ ማሽን ውስጤን አይቶ ንጹሕ ነህ አለኝ፣ ጌታ ይመስገን አለ። ምእመኑ እልል አለለት። ከዚያ በኋላ መሳል የማይችል ሰው ሆነ። ሳሉ ሲመጣበት ከጉባኤው ወጥቶ እንሰቱ መሃል ይገባል አሉኝ። ስልክ ደውዬ ተመለስና እንደገና ተመርመር ስለው «በሰው ሁሉ ፊት መስክሬ? እግዚአብሔርን ሐሰተኛ ላደርገው ነው?» አለኝ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለውን ነገርኩት። እኔም ግን ተረቱን ተናግሬ ወደ ፈተና እርማቴ ተመለስኩ። ሄጄ እጁን ይዤ ማምጣት እችል ነበር፤ አልሄድኩም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ወር አለፈ።

በስምንተኛው ወር ደም ተፋ። ጎረቤቶቹ ሞተር ላይ በሁለት ሰው መሃል አስቀምጠው አስፋልቱ ድረስ አወጡት፤ እኔ ከዚያ ተቀበልኩት። በዚህኛው ጊዜ የሚለቅምበት አቅም አልነበረውም። የወጣው ሁሉ ዕቃው ውስጥ ገባ። መልሱ የመጣው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነው፤ ቲቢ አለ፣ ያውም ዋናውን መድኃኒት የተላመደ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። «መላመድ» የሚለውን ቃል ለስንት ዓመት እንዳስተማርኩት አስቤ አፈርኩ።

መድኃኒቱን የምትሰጠን ነርስ ግን «ዕድለኛ ናቸው» አለችኝ። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሁለት ዓመት ገደማ ይታከም ነበር፤ ለወራት በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር፤ በመርፌው ጆሮው የደነቆረም ነበረ። አሁን ስድስት ወር ነው፣ ክኒን ብቻ። ከሰማሁት ነገር ሁሉ ደስ ያለኝ ይኸው ነው፤ እዚያው አለቀስኩ። አባቴ እግሩን እንደ እሳት እያቃጠለው፣ ምግብ እያስጠላው አንዲት ክኒን ሳያጎድል ዋጠ። በሦስተኛው ወር አክታው ውስጥ ጀርም አልተገኘም። አዲሱን ሕክምና ሰሌዳ ላይ ሥዬ ለተማሪዎቼ አስረዳኋቸው። የማን አባት እንደዳነ አልነገርኳቸውም።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ሐኪሙ፣ ገና ወጣት ነው፣ ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየው። የቀኙ ሳንባ ላይኛው ክፍል የለም ማለት ይቻላል፤ የግራውም ተኮማትሯል። ወደ አባቴ ዞሮ «አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ቲቢው ድኗል» አለው። ይህን አባቴ ያለእኔ ተረዳ፤ የሐኪሙን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው። ከዚያ በጌዴኦኛ «ትንፋሼስ መቼ ይመለሳል? ጠይቂልኝ» አለኝ።

ጠየቅሁለት። ሐኪሙ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ አባቴ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይመለስም እህቴ። ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት አለን፤ የተበላ ሳንባ የሚመልስ የለንም። እንዲያውም እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ያኔ በመጀመሪያው ምርመራ ተገኝቶ ቢሆን...» ብሎ ተወው። ለመዳን ከሚያስፈልገው መድኃኒት ሁሉ የጎደለን ሳንባ የሚመልሰው ብቻ ነው። አባቴ አፍ አፌን እያየ ይጠብቃል።

«ቀስ በቀስ ይመለሳል ይላል» አልኩት።

ሐኪሙ ጌዴኦኛ አያውቅም፤ እውነቱን የነገርኩት መስሎት አንገቱን ነቀነቀ። አባቴ ዱላውን ይዞ ደስ ብሎት ተነሣ።

ይኸው አሁን እየተለማመደ ነው። ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ቡናው ይወጣል፤ ማታ እየደወለ የደረሰበትን ይነግረኛል። መጀመሪያ ሰሞን የቡናው አጥር ጋ ደረስኩ ይለኝ ነበር። ቀጥሎ እስከ እንሰቱ ድረስ ብቻ ሆነ። ዝናቡ ሲገባ ከእንሰቱም መለስ አለ። ስንፍና ይመስለዋል። ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ ነገ እበረታለሁ ይለኛል። እኔም በርታ እለዋለሁ። ቁርጡን ልንገረው ብዬ ስንት ጊዜ ስልኩን አንሥቻለሁ፤ አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ባለፈው እሑድ ከወትሮው ቀደም ብሎ ደወለ። በቃልና በቃል መካከል ትንፋሹ ሲያጥረው ይሰማኛል።

«ልጄ» አለኝ፣ «ያ ሐኪም ቀስ በቀስ ሲል... ስንት ወር ማለቱ ነበር? ልኩን ካወቅሁ... እችለዋለሁ።»

«ስድስት ወር» አልኩት።

«ስድስት ወር ምን አላት» አለኝና መርቆኝ ዘጋው።