ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት አምስት ደረጃዎች

አሜሪካ፣ ሴንት ፖል መሀል ከተማ ባለ አንድ አሮጌ ሆቴል ውስጥ ሦስት ዓመት ክፍል አጽድቻለሁ። ሕንፃው ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለት ነው። በድንጋይና በቀይ ጡብ የተሠራው የፊተኛው አሮጌው ነው። የኋለኛው ብዙ ዓመት ቆይቶ የተቀጠለ ነው። የአሮጌው ጣሪያ ከፍ ያለ፣ የአዲሱ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ምድር ላይ እኩል የነበረው ወለል ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይለያያል። እኔ በምሠራበት በሦስተኛው ፎቅ ልዩነቱ አምስት ደረጃ ደርሶ ነበር።

ሊፍቱ ያለው በአዲሱ በኩል ብቻ ነው። ጋሪዬን ደረጃው ሥር አቆምና አንሶላውንና ፎጣውን ታቅፌ ወደ አሮጌው እወጣለሁ። ለአንድ ክፍል ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ። እዚያ ጣሪያው ዙሪያውን በጄሶ አበባ ያጌጠ ነው፤ በየቅጠሉ ላይ አቧራ ይተኛል። የመታጠቢያ ገንዳዎቹ የብረት እግር ስላላቸው፣ ከሥራቸው ለመወልወል በደረቴ እተኛለሁ። እንግዶች ይህን ሁሉ ይወዱታል። ደረጃውን ሳይቀር ፎቶ ያነሱታል። እስኪጨርሱ አንሶላዬን ታቅፌ ግድግዳ ተጠግቼ እቆማለሁ።

በሁለተኛው ዓመት በረዶ ሲገባ ጉልበቴ ማበጥ ጀመረ። ሱፐርቫይዘራችን ሳነክስ አይታ፣ ወደ አዲሱ በኩል ልቀይርሽ ወይ አለችኝ።

"ኖ፣ ኖ፣ ደህና ነኝ" አልኳት።

ከልቤ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይልም፤ ሲለመን ነው የሚቀበለው። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። እሷ "ኦኬ" ብላ ሄደች።

ምሳ ላይ ለሥራ ጓደኛዬ ነገርኳት። በአዲሱ በኩል የምትሠራ፣ እናቴን የምታክል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሴት ናት፤ እትዬ ነው የምላት።

"እስክትለምንሽ ጠበቅሽ?" አለችኝ።

"አንዴ ብቻ ጠይቃኝ ሄደች።"

"ሠርግ የጠራችሽ መሰለሽ? እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው፣ ልጄ። ሁለቴ የሚጠይቅሽ ሐኪም ብቻ ነው። ሂጂ ንገሪያት።"

አልነገርኳትም። ቢሮዋ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ግን የከለከለኝ እንግሊዝኛው ሳይሆን ዓይን አፋርነቴ ነው። ክረምቱን በሙሉ ያንን ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ።

በረዶው ሲቀልጥ፣ ሱፐርቫይዘሯ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ሳሽ አገኘችኝ። እንደገና ጠየቀችኝ። ቃሏን ሳትጨርስ "የስ" አልኩ። ፊቴ ጋለ፤ የስግብግብ መልስ መሰለኝ። እሷ ወረቀቷ ላይ ጻፍ አድርጋ አለፈች።

በአዲሱ በኩል ኮሪደሩ ደልዳላ ነው፤ ጋሪው እስከ በሩ ይደርሳል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ መስኮቱም የሚያሳየው መኪና ማቆሚያ ነው። ለብዙ ቀን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ፣ ደረጃ በሌለበት እግሬን አነሳ ነበር።

እትዬ ጋሪዋን እየገፋች ከኋላዬ፣ "አውርጂው" ትለኛለች፤ "እዚህ ደረጃ የለም።"