ድስቱ እማማ ቤት ያድራል

«እሺ ብለዋል!» አለች እናቴ በስልክ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «እማማ እሺ ብለዋል፤ ነገ ይመጣሉ!»

ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ጓደኛዬ «ምነው፣ ዕጣ ወጣልሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዕጣም ይበልጣል አልኳት።

እናቴ ሚሲዮኑ ማዕድ ቤት ወጥ ትሠራለች፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት እልጣለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የተራበ ሁሉ ይመጣል፤ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም። አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ እዚያ ሥጋ የሚባል አይገባም። ዓመቱን ሙሉ ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች ነው፤ ሁሉም ያንኑ ይበላል።

ለፋሲካ ግን አንድ ደግ ሰው በግ ጎትቶ መጣ። የማዕድ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው መነኩሲት፣ ከከተማ ወጥተው ነበር። ሴቶቹ «ለክርስቲያኖቹ ለብቻ እንሥራላቸው፤ በዓል አይደል?» ብለው በአንዱ ድስት ቀቀሉት። ሲያበቁ ድስቱን በአመድ ፈትገው፣ ውሃ አፍልተውበት፣ ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት። ድስቶቹ ደግሞ ልክ እንደ መንታ ናቸው። በማግስቱ የትኛው እንደነበረ የሚለይ ጠፋ።

እማማ ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ፣ ኤረር በር አጠገብ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ሁልጊዜ ቀድመው ይመጣሉ፤ እዚያው በልተው፣ ዓይነ ስውር ለሆኑት ባለቤታቸው ደግሞ በሳህን ይዘው ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን የበጉን ወሬ ሰሙና ባዶውን ሳህን ሸፍነው ተነሡ። «ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምሱ! እሳቸው ሲነሡ ሌሎቹ ሙስሊሞችም ተከተሏቸው። ከዚያ ወዲያ አግዳሚ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ሆነ፤ ምስሩም ይተርፍ ጀመር። እኔ ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ ያ የተሸፈነ ሳህን ነው። እቤት ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ሽማግሌ ምን በልተው ይሆን?

ሲስተር ሲመለሱ ማንንም አልተቆጡም። የድሮዎቹን ድስቶች ውሃ ማሞቂያ አድርገው አንድ ትልቅ አዲስ ድስት ገዙ። ከሄዱት ግን ማንም አልተመለሰም። «ዛሬ አዲስ ነው፤ ነገ ምን እንደሚገባበት በምን እናውቃለን?» አሉ ሰዎቹ። እውነታቸውን እኮ ነው።

በመጨረሻ ሲስተር እኔን አስከትለው እማማ ቤት ሄዱ። እማማ በር ላይ ተቀበሉን።

«እናንተን አልተቀየምኩም፣ ወላሂ። ድስታችሁን ነው ያላመንኩት።»

«እንግዲያው እርስዎ ይጠብቁልና» አሉ ሲስተር። «ማታ ማታ እርስዎ ጋ ይደር፤ ጠዋት እርስዎ ያምጡት። ጭልፋውም ጭምር።»

 እማማ ወደ ውስጥ ዞረው ለባለቤታቸው በቋንቋቸው ነገሯቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር ብለው በሳቅ ፈነዱ።

«ምን አሉ እማማ?» አልኩ።

«በስተርጅናዬ ሁለተኛ ሚስት ልታመጪልኝ ነው? ይለኛል፤ ይሄ የማያፍር!» ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና «ላስብበት» አሉን።

እናቴ የደወለችልኝ ይህን አስበው ሲጨርሱ ነው። ድስቱ ያን ዕለት ማታ እሳቸው ቤት አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ በሩ ላይ ቆመች። እማማ ከኋላ ተቀምጠው ድስቱን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። እናቴ «ሙሽራዋ መጣች!» ብላ እልል አለች። እኔና አንዷ ወጥ ሠሪ ልናወርድ ስንሻማ እማማ ጮኹብን፦

«ቀስ! ጣውንቴን እንዳትጥሏት!»

ምስሩ እስኪበስል ከምድጃው አጠገብ አልተነሡም። ቀድመው የቀመሱትም እሳቸው፣ «ጨው አነሰው» ያሉትም እሳቸው። ከእሳቸው ኋላ ወንበሩ ሞላ። ሲሄዱ ሳህኑን አየሁት፤ ክዳኑ ሥር እንፋሎት ነበረው። ያኔ ነው ትንፋሼ መለስ ያለው።

እናንተም ኑ። ቅዳሜ ሐረር ካላችሁ፣ ቢላ የሚያውቅ ሽንኩርት ይልጣል፤ የማያውቅ እማማ አጠገብ ተቀምጦ ይስቃል። የራበውም ይምጣ፤ የማን ወገን ነህ የሚል የለም። ባዶ እጃችንን አንመጣም ካላችሁ ምስር ያዙ። በግ ግን፣ እባካችሁ፣ እቤታችሁ ይቅር።