ሰሊጥ የማያዘንብ ፍላሽ

በገዳሪፍ የእኔን ያህል ብርሃን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ የለም። ይህን ራሴ የምናገረው የሚናገርልኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ከካሜራ ጋር የሚመጣውን የመመሪያ ወረቀት፣ ቋንቋውን ባላውቀውም፣ ሥዕሉን እያየሁ ነው የተማርኩት። ከጎንደር ወደ ሱዳን ለሰሊጥ ሥራ ማጭድ ይዤ መጥቼ፣ ካሜራ ይዤ የቀረሁ ሰው ነኝ። የዚህ ከተማ የሐበሻ ሙሽሮች፣ የክርስትና ልጆች፣ የስደተኛ መታወቂያ ጉርዶች፣ አብዛኞቹ በእኔ እጅ አልፈዋል። ሰው ሁሉ ፊቱን አምኖ ሰጥቶኛል። ቃሌን የማታምነው ልጄ ብቻ ናት።

የማታምነኝም በአንድ ነገር ነው፤ በእናቷ መቃብር። ባለቤቴ የሞተችው በከሪፍ፣ የሰሊጥ አረም በሚነቀልበት በዝናቡ ወቅት፣ እኛ ተከዜ፣ ሱዳኖች ሰቲት በሚሉት ወንዝ ዳር ነው። በዚያ ወቅት የዚህ አገር ጥቁር አፈር ትራክተር እንኳ ይውጣል። አስከሬን ይዞ ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያን መድረስ የማይታሰብ ነበር፤ እዚያው ቀበርኳት። መሬቱ ሲደርቅ ተመልሼ ሄድኩ፣ ድንጋይ መረጥኩ፣ መሮ ተዋስኩ፣ መስቀልና ስም ራሴ ቀርጬ ራስጌዋ ላይ ተከልኩ። ፊደሉ ዛሬም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም።

ልጃችን ያኔ ገና መዳህ የጀመረች ሕፃን ነበረች። ገዳሪፍ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ወስዳ አሳደገቻት። ስታሳድጋትም “አባትሽ እናትሽን እንደ ከብት ጥሏት መጣ” እያለች ነው። ወስጄ ላሳያት ስል መጀመሪያ መንገዱ፣ መንገዱ ሲሻሻል ትምህርቷ፣ ትምህርቷ ሲያልቅ ትዳሯ እንቅፋት ሆነ። ከዚያ ወንዙ ላይ ግድብ ተሠራና ውሃው ሁሉን አለበሰው። የወንዙ ዳር ሰዎች በቁጥር ወደሚጠሩ አዳዲስ መንደሮች ተዛወሩ። ለሙታን ቁጥር አልወጣላቸውም።

አክስቲቱም ጊዜዋ ደርሶ ዐረፈች። በተዝካሯ ዕለት ልጄ መቃብሯ አጠገብ ቆማ፣ አዲሱን የሲሚንቶ ሐውልት በእጇ እየዳበሰች፣ “አክስቴ ድንጋይ አላት። እናቴ ግን ማፊ፣ ምንም የላትም” አለች። ሰው እየሰማ ነው።

“አላት” አልኳት። “በእጄ ቀርጬ ተክዬላታለሁ።”

“የት ነው ያለው?”

“ውሃ ውስጥ።”

“ውሃ ውስጥማ ሁሉም ነገር አለ ይባላል፣ አባ።”

ከበስተኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ያን ሳቅ ተሸክሜ ነው በዚህ ዕድሜዬ ውሃ ውስጥ ፎቶ ላነሳ የተነሳሁት።

የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ገዳሪፍ ያልመጣ ሰው፣ ለሽያጭ ያልቀረበ ዕቃ የለም። ፖርት ሱዳን ላይ፣ ጠላቂ ቱሪስቶች በሚሳፈሩበት ጀልባ ወጥ ቤት ሆኖ ይሠራ የነበረ አንድ ሱዳናዊ፣ ቱሪስቱ ሲጠፋ የጠላቂዎቹን ዕቃ ይዞ ዘመዶቹ ጋ መጥቶ ገበያው ዳር ሸራ ዘርግቷል። ከእሱ ትንሽ ካሜራና ውሃ የማያስገባ የፕላስቲክ ልባሱን ገዛሁ። መጀመሪያ ልባሱን ባዶውን፣ ውስጡ ሶፍት ከትቼ፣ ድንጋይ አስሬ በርሜል ውሃ ውስጥ አቆየሁት። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ከዚያ የጓሮዬን ጥቁር አፈር በርሜሉ ውስጥ በጠበጥኩ፤ የሰቲት ውሃ እንደ ባሕር የጠራ አይደለምና። ጽሑፍ ያለበት ሰሃን ከታች አስቀምጬ በካሜራው በራሱ ፍላሽ አነሳሁት።

ፎቶው ላይ ሰሃን የለም። ያለው ነጭ ፍሬ ብቻ ነው፣ ሸራ ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ። ብደጋግመውም ሰሊጥ።

አጥር የምንጋራት ሻይ ሻጭ ብቅ ብላ አየችኝ። “አያ፣ በርሜል ውስጥ የምታነሳው ማንን ነው? ጂን ከሆነ ጉርድ ነው የፈለገው ወይስ ሙሉ ቁመት?”

“አንቺን የሚያህል ጂን ከሆነ ሙሉ ቁመቱ በርሜል አይበቃውም” አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራውን ይረግም ነበር። እኔ ተቀምጬ አሰብኩ። እዚህ አገር ሀቡብ፣ ማለትም ያ የአቧራ ማዕበል፣ ሲነሳ የመኪናውን መብራት የሚያበራ ሹፌር የሚያየው አቧራውን እንጂ መንገዱን አይደለም። ብርሃኑ ከዓይኑ ሥር ወጥቶ፣ አቧራውን መትቶ፣ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። የካሜራው ፍላሽም ከካሜራው ዓይን አጠገብ ስለሆነ ጭቃውን መትቶ ይመለስበታል። ስለዚህ ፍላሹ ከካሜራው መነጠል፣ ክንድ ያህል መራቅና ከጎን መምታት አለበት። በኋላ ያ የጀልባ ወጥ ቤት ጠላቂዎች ሁሉ እንዲሁ እንደሚያደርጉ ነገረኝ። እኔ ግን በርሜል አጠገብ ተቀምጬ ቀድሜ ደርሼበታለሁ።

ወደ ገበያው ተመለስኩ። የሻጩ ሸራ ላይ ሦስት መብራት ነበር። ሻጩ መጀመሪያ ረጅም የጠላቂ ባትሪ አነሳልኝ።

“ያ ዐም፣ ይህን ውሰድ። ሁሉም የሚገዛው ይህን ነው። ርካሽ ነው።” ያ ዐም የሚሉን ለእኛ ለሽማግሌዎች ነው፤ አጎቴ እንደማለት።

ባትሪውን ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ አበራሁት። ብርሃኑ የብርጭቆ አፍ የምታህል ክብ ሆኖ ቆመ፤ መሃሉ ያቃጥላል፣ ዳሩ ጨለማ ነው። ለመንገድ እንጂ ለፎቶ አይሆንም። ደግሞ ፍላሽ በአንድ ጥቅሻ ብርሃኑን ሁሉ ስለሚያፈስ እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ፎቶው አይንቀጠቀጥም። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል ማለቴ አይደለም።

ሁለተኛው ትልቅ ፍላሽ ነው፤ የሕፃን ራስ ያህላል። “የጀልባው ንጉሥ ይህ ነበር” አለኝ። የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያውን ከፈትኩ። የብረት መገናኛዎቹ አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል።

“ይህ ውሃ ጠጥቷል” አልኩት።

“ጥቂት ነው የጠጣው።”

“ጥቂት የጠጣም ሲነዳ ይገለብጣል።”

ሳቀና ወደ ጎን አደረገው። ሦስተኛው ጡጫ የሚያህል ትንሽ ፍላሽ ነው። በትናንሾቹ የባትሪ ድንጋዮች ይሠራል፣ ጉልበቱ የሚጨመረውና የሚቀነሰው በእጅ በሚዞር ቁልፍ ብቻ ነው። ሻጩ ራሱ አፍሮበት ከሸራው ጠርዝ አስቀምጦታል። “ደካማ ነው ያ ዐም፣ ለባሕር አይሆንም። ጀማሪዎች ነበሩ የሚይዙት” አለኝ።

እኔ ከፈትኩት። የላስቲክ ቀለበቱን አውጥቼ በጥፍሬ ዙሪያውን ሄድኩበት፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለውም። መገናኛው ያብረቀርቃል። ባሕር ላይ ዓሣ ከሩቅ ለሚያነሳ ሰው በእርግጥ ደካማ ነው። እኔ ግን በጭቃ ውሃ ውስጥ ከስንዝር ርቀት ነው የማነሳው፤ በዚያ ርቀት ብዙ ጉልበት ፎቶውን ያነጣዋል እንጂ አይጠቅመውም። ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ብርሃኑ ይዘረጋል። ከካሜራው ጋር የሚያገናኘውም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይሆን ብርሃን የሚያሻግር ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ነው። የካሜራው ፍላሽ ብልጭ ሲል ይህኛው በገመዱ በኩል አይቶ አብሮት ብልጭ ይላል። ሽቦ ስለሌለው ውሃ የሚገባበት ቀዳዳም የለም። በርካሽ ሰጠኝ። የሸጠልኝን አላወቀም፣ እኔም አልነገርኩትም።

የአሮጌ ካሜራ መቆሚያ እግር ቆርጬ፣ በመኪና ቱቦ ማሰሪያ አጥብቄ ክንድ ሠራሁለት። የካሜራውን የራሱን ፍላሽ፣ ለገመዱ ብቻ ቀዳዳ ትቼ፣ በጥቁር ፕላስተር ጋረድኩት። በርሜሉ ውስጥ እንደገና አነሳሁ። የሰሃኑ ጽሑፍ ተነበበ። ሰሊጡ ከዳር ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀረው።

በበጋው መጨረሻ፣ ከሪፍ ሳይገባ፣ የግድቡ ውሃ እጅግ ሲጎድል ወደ መንደር 8 ሄድኩ። ከትግራይ ተሰዶ መጥቶ እዚያ የቀረ፣ ግድቡ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ጎልማሳ ጀልባ እንዳለው ሰምቻለሁ። ኮረብታው በየት፣ የደረቀው ግራር በየት በኩል እንደሚታይ አስረዳሁት። ገና ሳልጨርስ ሳቀ።

“አቦይ፣ አውቀዋለሁ። መረቤን የሚቀድደው ድንጋይ ነው። ስንቴ ሰድቤዋለሁ መሰለህ።”

“የሚስቴ መቃብር ነው” አልኩት።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። “ይቅር በለኝ፣ አቦይ” አለና ጀልባውን ወደ ውሃው ገፋ።

ከጀልባው ስወርድ ውሃው አንገቴ ላይ ቆመ። ድንጋዩን በእግሬ መፈለግ አሳፈረኝ፤ ትንፋሼን ይዤ ጎንበስ ብዬ በእጄ ፈለግኩት። ደለል ለብሷል። ጣቴ መስቀሉን አገኘው። ከዚያ ችግሩ መጣ። ፊደሉ እንዲታይ ደለሉ መጠረግ አለበት፤ ሲጠረግ ደግሞ ይነሳና ውሃው ሁሉ ሰሊጥ ይሆናል፣ ያን ጊዜ የትኛውም ፍላሽ አያድንም። ሳልጠርገው ባነሳው ፎቶው የማንም ድንጋይ ነው። ጠረግኩት፤ ጠርጌም ባለሁበት ደርቄ ቆምኩ።

“አቦይ፣ አልጨረስክም?”

“አትነቃነቅ። መቅዘፊያውንም አትንካው።”

ፀሐይ አናቴን እየቀቀለች፣ ደለሉ እስኪረጋ ጠበቅኩ። ያን ያህል ጊዜ እሷ አጠገብ ዝም ብዬ ቆሜ አላውቅም፣ በሕይወት ሳለችም። ከዚያ ቀስ ብዬ ሰመጥኩ፣ የፍላሹን ክንድ ወደ ግራ ዘረጋሁ፣ አነሳሁ። ከጎን የመጣ ብርሃን የተቀረጸ ነገር ላይ ጥላ ይጥላል፤ እያንዳንዱ ፊደል ከድንጋዩ ተነስቶ ቆመ። በዕድሜዬ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የገዳሪፍ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ተሰብስበው ቢሞክሩ አይወጣላቸውም።

በትልቁ አሳትሜ ለልጄ ወሰድኩላት። እሷ የተማረችው በዐረብኛ ነው፤ የአማርኛ ፊደል አታነብም። እኔ ላነብላት ስል በእጇ አስቆመችኝ። ፎቶውን በስልኳ አንስታ ለቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ላከችው። ዲያቆኑ በድምፅ መለሰላት። “ወለተ” ብሎ የሚጀምረውን ስም አንድም ፊደል ሳይስት አነበበው።

ስልኳን አስቀመጠች። “ይህ የእናቴ ስም አይደለም።”

“የክርስትና ስሟ ነው። ቄስ በፍትሐት የሚጠራው፣ መቃብር ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። ሰው የሚጠራት በሌላው ነበር።”

“እኔ ሰምቼው አላውቅም። ሌላ ማን ያውቀዋል?”

በልቤ ፈለግኩ። ክርስትና ያነሷት ሴትዮ ሞተዋል። ያጠመቋት ቄስ ከእሳቸውም በፊት ሞተዋል። አክስቲቱ ታውቀው ነበር፤ ለልጅቱ ሌላውን ሁሉ ነግራ ይህን ይዛው ሄደች።

“እኔ” አልኳት።

“ኸላስ፣ በቃ” አለች ቀስ ብላ። “እንግዲያ አሁንም ምስክሩ ያው አንተ ብቻ ነህ።”

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ መለሰችልኝ። “ፎቶው ግን ቆንጆ ነው፣ አባ። ወላሂ ቆንጆ ነው” አለችኝ፣ ለሌላ ሰው ሙሽራ እንደሚባለው።

አሁን ስቱዲዮዬ ግድግዳ ላይ ነው። ደንበኞች ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ጨረቃ ነው ያለ ሰውም አለ። ስለ ፍላሹ እነግራቸዋለሁ፣ ትንሹ ከትልቁ ለምን እንደሚበልጥ፣ ክንዱን ከምን እንደሠራሁት። ይደነቃሉ። ደግሞም መደነቅ ይገባቸዋል። ስሙን አንብብልን ያለኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።

ከሪፍ ገብቷል፣ ግድቡ ሞልቷል። ሰሞኑን የመንደር 8 ዓሣ አጥማጅ ደወለልኝ። መረቡን ከዚያ ቦታ እንዳራቀው፣ ለሌሎቹ ዓሣ አጥማጆችም “እዚያ ሰው አለች” ብሎ እንደነገራቸው አጫወተኝ። እሱ ፎቶውን አላየውም። አሳየኝ ብሎም አልጠየቀኝም።