ማንን መርጬ ማንን ልተው

ባለፈው ቅዳሜ ከወሰን ሰፈር ወደ መሪ ሰፈር ስሄድ፣ በአበባ ያጌጡ የሰርግ መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ታክሲያችን ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ በመስኮቱ እያየ፣ «ይኼ ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ቀን» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ እንድስማማለት ነው። በወጣትነቴ ቢሆን ከእሱ ብሼ እናገር ነበር። አሁን ግን እናቴን አሰብኩ።

ያደግሁት ከኮተቤ በላይ፣ በተራራው ዳገት ላይ ነው። አባቴ የሞተው እኔ አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ እህቴ ጥሩወርቅ ገና ጡት ሳትጥል ነው። እናቴ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ወደ ከተማ እየወረደች አሳደገችን። ብቻዋን ግን አልነበረም። አንድ ክረምት ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እኔንና እህቴን ከልጆቻቸው ጋር አንድ ሰሌን ላይ አስተኝተው፣ ከአንድ ትሪ አብልተው አከረሙን። በሰፈሩ ሰርግ ወይም ክርስትና ሲኖር እናቴ የምትወስደው ነገር ስለሌላት ጉልበቷን ይዛ ትሄዳለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ድስት ታጥባለች፤ ስትመለስም የእኛን ድርሻ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይሰጧታል። የዚያ የቀዘቀዘ ቀይ ወጥ ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ወሰን ላይ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ቤት የሚሠራበት ጊዜ ነበርና ሚስማሩም ቆርቆሮውም ቀናኝ። ሁለተኛ ሱቅ፣ ከዚያም የጭነት መኪና ተከተለ። እኔ ግን ያንኑ ጃኬት እየለበስኩ፣ በታክሲ እየሄድኩ፣ ምሳዬን ሽሮ እየበላሁ ቀጠልኩ። አብረውኝ የጀመሩ ነጋዴዎች መኪና ሲቀያይሩ ሳይ በልቤ እስቅባቸው ነበር። ኩራት ያረጀ ጃኬትም ለብሶ እንደሚሄድ ያኔ አልገባኝም።

ጥሩወርቅ ልትዳር ሆነ። እናቴ ከዚያ በፊት ረግጣው የማታውቀው ሱቄ ድረስ መጣች። ጨርቅ አንጥፌላት የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

«አንድ በሬ ብታርድልኝ» አለች። «ድንኳን እናስተክልና ሰፈሩ ይብላ።»

«እማዬ፣ ለአንድ ቀን ጭፈራ በሬ ምን ያደርጋል? በዚያ ገንዘብ ለጥሩወርቅ የቤት ዕቃ እገዛላታለሁ።»

«ለጭፈራው አይደለም ልጄ። የሰው በልቼ ነው ያሳደግኋችሁ።»

«እኔ ለታይታ መደገስ አልወድም» አልኳት። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ፤ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም።

መገናኛ አካባቢ ባለ ምግብ ቤት ለአርባ ሰው ምሳ አዘዝኩ። እናቴን፣ ከሰፈር ስምንት ሰው መጥራት ትችያለሽ አልኳት። በሰርጉ ቀን ብቻዋን መጣች።

«የሰፈር ሰዎችስ?» አልኳት በሩ ላይ።

«ማንን መርጬ ማንን ልተው?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

አስተናጋጁ ስምንቱን ባዶ ወንበሮች አነሣ። ጓደኞቼ፣ ገንዘብ እያለው እንዲህ ልከኛ የሆነ ሰው አላየንም ብለው አመሰገኑኝ፤ ደስ አለኝ። እናቴ ምን ያህል እንደበላች አላየሁም።

በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ልጠይቃት ወጣሁ። ከእትዬ ዘነበች ግቢ ከበሮ ይሰማል፤ የመጨረሻ ልጃቸውን እየዳሩ ነው። እናቴ በጠራራ ፀሐይ በሯን ዘግታ ምስር ትለቅማለች።

«ለምን አልሄድሽም?» አልኳት።

«በየትኛው አፌ እጎርሳለሁ?»

ከጥሩወርቅ ሰርግ ወዲህ የማንም ድግስ ደጅ እንዳልረገጠች ያን ዕለት አወቅሁ። ነገ በሬ ልረድልሽ ብላት ራሷን ነቀነቀች። «ድግስ ጊዜ አለው፤ አለፈ» አለች፤ ምስሩንም መልቀም ቀጠለች። በቀጣዩ ክረምት ሞተች።

ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። እትዬ ዘነበችና የሰፈሩ ሴቶች ከየቤታቸው ያመጡትን ጉልቻ ላይ ጥደው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ ከከተማ የመጡ እንግዶቼን ሦስት ቀን አበሉ። በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ለጥሩወርቅ ሰርግ ስላልጠራኋችሁ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኛ ምን ቆጠርንብህ?» አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «የጨነቀን የእሷ መቅረት ነው። ምን በድለናት ይሆን እያልን፣ ሽማግሌ ልንልክባት አስበን አፍረን ተውነው።»

እናቴ እነሱን አፍራ፣ እነሱም እሷን አፍረው፣ የግንብ አጥር በሌለበት ሰፈር ዓመት ተኩል ያህል ሳይገናኙ ኖሩ። በመካከላቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ለአርባዋ ሁለት በሬ አረድኩ። ሁሉም መጥቶ በላ፤ መረቀኝም። ቀና ብላ ልታስተናግዳቸው የፈለገችው እናቴ ግን አልነበረችም።

አሁን ወደ ስልሳ እየተጠጋሁ ነው። ወጣት ነጋዴዎች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ቆጥቡ፣ ለታይታ አትኑሩ እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ብልጭልጩን ዛሬም አልወደውም። ግን ውለታ መመለስና ታይታ ከሩቅ ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ፤ እኔ ቀርቤ ለማየት አልሞከርኩም።

እትዬ ዘነበች ካረፉ ቆይተዋል። ዳገቱ ላይ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ሰዎቹ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ያን ሰፈር ሁሉ ጠርቼ ማብላት ዛሬ አይከብደኝም፤ የምጠራው ሰው ግን የለም።