አጎቴ መውደቅ የተማሩበት ጊዜ

አጎቴ በሮቤ ከተማ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ ሊያስጥሉ ገብተው ተደበደቡ፤ ልጁም ተወሰደ። ቁስላቸው ሲሽር፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ራስን መከላከል ሊማሩ ጎባ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

የካራቴው አሰልጣኝ ጡብ ሰብሮ አሳያቸው።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ሲወድቅስ?» ብለው ጠየቁት።

«እኔ ጋ የተማረ አይወድቅም፣ አባባ» አላቸው።

አመስግነው ወጡ። ጁዶ የሚያስተምረው ግን ከሁሉ በፊት አወዳደቅ አሳያቸው። «እዚህ ነው የምማረው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ የጁዶ አሰልጣኙንም ለጦርነቱ ወሰዱት፤ የሚያስተምርበት አዳራሽም ተዘጋ። አጎቴ ግን ጠዋት ጠዋት ጓሯቸው ሣር ላይ ብቻቸውን እየወደቁ ይነሱ ነበር፤ ድምፁን ከአጥር ማዶ እሰማ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ጠዋቱ ጭር ብሏል። ልጃቸው ዛሬ ቢመለስ እንኳ በሩን የሚከፍትለት የለም።