መሰላሉ የት ሄደ

ሚስቴ የዓይን ሞራዋን ልታስገፍፍ ሆስፒታል ቀጠሮ የያዘች ሰሞን እኔ ህልም አየሁ። ማየቱስ ባልከፋ፤ ቁርስ ላይ አወራሁት።

ጋቢ እሸምናለሁ፤ ጋቢው አያልቅም። ጣሪያውን ቀዶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሚስቴ እላዩ ላይ ተቀምጣ አብራው ትሄዳለች። እኔ ደግሞ አራት ቦታ ነኝ። አንዱ እኔ ይሸምናል፣ አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ቆሎ ይቆረጥማል፣ አንዱ እጁን ኪሱ ከቶ ያያታል።

“ከዚያስ? ወረድኩ?” አለችኝ።

“እኔ ምን አውቄ! ሽንቴ መጥቶ ነቃሁ።”

ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። ሰው ህልሙን ሲናገር ቀድሞ “ለደግ ያድርገው” ማለት ወግ ነው። ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ግን ሚጥሚጣ ልትበደር ገብታ ኖሮ፣ “ነጭ ለብሶ ወደ ላይ... ውይ!” ብላ አፏን ያዘች። ሚጥሚጣዋን ይዛ ሄደች፤ “ውይ”ዋን ትታልን።

በቃ፣ ሚስቴ ሆስፒታል አልሄድም አለች። ዓይኗ እኮ ፍየልና ጆንያ አይለይም፤ ጆንያ ስታባርር በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። የንስሐ አባቷ መጥተው “ህልም የሆድ መክበድ ነው” ብለው መከሯት፤ ይህን ያሉት ሽሮ እያስጨመሩ ነው። አልሰማቻቸውም።

ልጃችን ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው። ከጉለሌ ወጥቶ የማያውቅ ሙሽራ ኮምፒውተር ውስጥ ከታ ፏፏቴ ዳር ታቆመዋለች። ህልሙን ስትሰማ፣ “እሱንማ በፎቶ እሠራዋለሁ! ኤግዚቢሽን ላይ ይቀርባል” አለች።

እናቷ አሰበችና፣ “መውረጃዬ የሚታይ ከሆነ ይሁን” አለች። “መሰላል አድርጊበት። ያን ጊዜ ህልሙን እኔው ፈታሁት ማለት ነው። እሄዳለሁ።”

“እሺ እማዬ።”

ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ የድሮ የሸማኔዎች ማኅበር አዳራሽ አለ። ማኅበሩ ፈረሰ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሰው ወሰደው፣ የቀረውን ፍየሎች ሽንት ቤት አደረጉት። በጎልማሳነቴ እግሬን ከትቼ የሸመንኩበት ጉድጓድ እስካሁን አለ፤ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ተጥሎበታል። ልጄ ካሜራዋን በሦስት እግሩ አቆመችና “ማንም እንዳይነካው!” አለች። ካሜራው ካልተነቃነቀ እዚህም እዚያም አንስታኝ፣ ኋላ ትገጣጥመኛለች። ጋቢም ለየብቻ ተሸምኖ ነው የሚሰፋው፤ ገባኝ። ጉድጓድ ገባሁ፣ ቀጭ። ተኛሁ፣ ቀጭ። እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ቀጭ። ቆሎ ቆረጠምኩ።

“አባዬ አታኝክ፣ ፊትህ ይደበዝዛል!”

“ሳላኝክ እንዴት ልብላው?”

ከዚያ ሚስቴ ጋቢውን ከሥሯ አስጎትታ፣ ልጄ ተውሳ ያመጣችው መሰላል ላይ ወጣች። እኔ ከታች አንቄ ያዝኩ።

“ይዘኸዋል?”

“ይዤዋለሁ!”

“ይነቃነቃል እኮ!”

“የምትነቃነቂው አንቺ ነሽ!”

“አንተ ሽማግሌ፣ ብወድቅ ነፍሴ ትከስሃለች።”

ቀጭ።

የቀጠሮዋ ዋዜማ ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታትሞ መጣ። ሚስቴ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው፤ ለእሷ ያው ጭጋግ ነው።

“መሰላሉ አለ?”

ልጄ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አፈጠጠችብኝ። ፎቶውን አየሁ። እውነት ለመናገር ጉድ ነው፤ ቁርጥ ህልሜን። አራት እኔ፣ አንድ ጋቢ፣ ሚስቴ አየር ላይ። አለ ብላት ነገ ትሄዳለች። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ አልጀምርም።

“የለም” አልኩ።

“አባዬ!” ጮኸች ልጅት። “መሰላል ካለበት እኮ ህልም አይሆንም! እማዬ ቀለም ቀቢ ነው የምትመስለው!”

“ቀለም ቀቢ ሲመሽ ይወርዳል” አለች እናቷ። ፎቶውን ገፍታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጄ በእኔም በመሰላሉም እያጉረመረመች ኮምፒውተሯን ከፈተች። ራት ሳይቀርብ መሰላሉ ተመልሶ ፎቶው እንደገና ታተመ። “አሁን አለ” አልኳት ሚስቴን። ቀድሞ የለም ስላልኩ አመነችኝ። በማግስቱ ክንዴን ይዛ ሄደች።

የዓይኗ ፋሻ ተነስቶ ቤት እንደገባን “ፎቶውን አምጡ” አለች። ጋቢውን አየች፣ መሰላሉን አየች፣ ራሷን አይታ “ወፍሬያለሁ” አለች። ከዚያ በጣቷ እኔን ትቆጥረኝ ጀመር።

“አንተ ሰውዬ! አራት ሆነህ፣ አንድህ እንኳ መሰላሉን አልያዝክልኝም?”

“ይዤ ነበር! ልጅሽ ናት የደመሰሰችኝ።”

ልጃችን እየሳቀች እኔን ልትመልስ ወደ ኮምፒውተሯ ስትነሳ እናቷ እጇን ያዘቻት።

“ተይው” አለች። “ያኛው ቆሎውን ያስቀምጥና መጥቶ መሰላሉን ይያዝ።”